ከምንጩ የተቀዳ

ፒያሳ፣ ጣልያን በሠራው ፎቅ ሥር፣ ቢጫው ልስን በረገፈበት፣
አንድ ጠባብ ክፍል አለው ጋሽ ጓንጉል፣ ሬዲዮ ሲጠግን ያረጀበት።
ብየዳ ከሱ ተማርሁ፣ ሽቦ በጥርስ መላጥም፣
ሲያዳምጡ ዝም ማለትም፤
ይኸኛው በኋላ ጠቀመኝ፣ ሳልፈልግም።

ከመደርደሪያው ጫፍ፣ በጋቢ ቁራጭ የተጠቀለለ፣
አንድ የክር ጥቅል ነበረው፣ ማንም እንዳይነካው የተከለከለ።
ዘርፌ ናት። ስልሳ ሰባት፣ አዘዞ፣ ክረምት፣ ከጠጅ ቤቱ ጓዳ፣
በባለ ሁለት መንኮራኩር ቴፕ፣
አንድ ማይክ ከወጋግራው ሰቅሎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዳ።

ክሩ ውስጥ ዝናብ አለ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚቆላ፣
የብርሌ ግጭት፣ አንድ ሳል፣ «ዝም በሉ!» የሚል ከኋላ።
ሦስተኛው ስንኝ ላይ መብራት ደክሞ፣ መንኮራኩሩ ሲያዘግም፣
ያኔ ማንም ልብ አላለም፤
ሲያሰሙት ግን ድምጿ ይቀጥናል፣ ዘርፌ ልጅ ትሆናለች፣
ሁለት ስንኝ ያህል፤ መብራቱ ሲበረታ ታድጋለች።

ሸክላ ይታተምላት ተባለ፤ መቶ ቅጂ፣ ባሕር ማዶ።
ማተሚያ ቤቱ «ክር ነው ወይስ ፋይል?» ቢል፣ ጋሽ ጓንጉል ተነሣ ተናዶ፦
«ፋይል ማለት ቁጥር ነው፤ ዜሮና አንድ፣ ዜሮና አንድ፤
እንደ ሽንኩርት የከተፉት ድምፅ፣ መች ይሆናል መልሶ አንድ?
ሸክላ ከክር ነው የሚቀዳ፤ ክር ከጉሮሮ፣ ጉሮሮ ከሆድ፤
ምንጩ ደጃችን እያለ፣ ለጀሪካን ምነው መስገድ?»

ጎረቤታችን ፀጉር ቆራጩ ሙላው፣ ስልኩን እያወዛወዘ፣
«ሺህ ዘፈን አለኝ በኪሴ!» ሲለው፣ «ሺህ የያዘ አንድ አልያዘ»
ይላል ጋሽ ጓንጉል፣ ቀና ሳይል፣ እርሳስ እያቀለጠ።

እኔ ግን ክሩን አውቀዋለሁ።
አንድ ሌሊት፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ እሱ ሳያውቅ፣ ለክፉ ቀን ብዬ፣
ከኮምፒውተር አገናኝቼ ቀዳሁት፣ ለብቻዬ።
ሲያልቅ፣ የቴፑ ራስ ላይ ቡናማ ዱቄት ተቀምጧል፤
በጣቴ ጠረግሁት። ከዘርፌ ስንት ስንኝ ተጠርጓል?
ደግሜ ባዞረው ሹክሹክታ ብቻ ነበር፤
ክር እንዲህ ነው፦ ባደመጡት ቁጥር፣ የሚያደምጡትን መገበር።

አንድ ቁልፍ ነው፣ ዝናቡን የሚያጠፋ፣ ሳሉን የሚጠርግ፤
ጣቴ ደርሶ ተመለሰ። ፋይሉን እንዳለ ላክሁት፤ ሌላ ምን ላድርግ።

ሸክላው የደረሰው በጥር፣ ከጥምቀት ማግስት፣ ያገሩ ጉሮሮ ተዘግቶ፤
ጋሽ ጓንጉል እጁን ታጠበ፣ መርፌውን አሳረፈ፣ ትንፋሹን አግቶ።
ዝናብ። ሳል። «ዝም በሉ!» ከዚያ እሷ።
ሦስተኛው ስንኝ ላይ ልጅ ስትሆን፣ እሱም ልጅ ሆነ እንደሷ።
«ይኸው!» አለ፣ ጉልበቱን እየመታ፣ «ክር ማለት! ይሰማሻል ሙቀቱ?
የትኛው ቁጥር ነው፣ ሰው ሲዘፍን፣ እንዲህ የሚላወስ አንጀቱ?»

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።
ትዝ ያለኝ ግን የፋሲል ጥምቀተ ባሕር፣ ባለፈው ሳምንት የሞላው፤
ውሃው ከቀሃ በቦይ ተጠልፎ ይመጣል፣ ዞሮ ተመልሶ፤
«ወንዙ ነህ ወይስ ቦዩ?» ያለው ማን ነው፣ ከነልብሱ ዘሎ፣ ርሶ?
(ቀሃ ግን ዛሬም ይወርዳል። ክሩ አይወርድም።
ይኸን ለራሴ አልደበቅሁም።)

መርፌው ዳር ደርሶ ባዶውን ክብ ያካልላል፤
ትክ፣ ትክ፣ ትክ ይላል።
ጋሽ ጓንጉል ቆይቶ አነሣው። ያን የጋቢ ቁራጭ አራግፎ፣ ሸክላውን ጠቀለለበት፣
ከመደርደሪያው ጫፍ አኖረው፣ ክሩ በነበረበት።
«ክሩስ?» አላለኝም፣ ያን ቀንም፣ ከዚያ ወዲህም።
እኔም።